ሁለት ወረዳ፣ አንድ ድልድይ

እኔ በሰሜን ጋና የጋንዮሪ ወረዳ ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት፣ የመንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢያችን አዛውንቱ ናአ ባዮርና እኔ ለመንገድ በጀት ልናመለክት ወደ ክልሉ ከተማ ስንጓዝ የኩልዳ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። ጀልባ ቀዛፊው ውሃው ሳይጎድል አልነሳም አለ። ዛፍ ሥር እንደተጠለልን አንዲት ወጣት ሞተር ሳይክሏን አቁማ መጣች። አዪንፖካ ትባላለች፤ የፍራፍራ ሰው ናት። እኛ ዳጋባዎች ከፍራፍራ ጎሳ ጋር ስንገናኝ ውሻ በላ እየተባባልን በቀልድ ካልተሰዳደብን ሰላምታው አይሞላም።

"ውሻ ልትሰርቂ ነው የመጣሽው?" አሏት ናአ።

"የእናንተ ውሾች አጥንት ብቻ ናቸው፤ ምናቸው ይበላል!" ብላ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። ከወንዙ ማዶ ያለው የታፓሊ ወረዳ መሐንዲስ መሆኗንና ወንዙ ሳይሞላ ተሻግራ እዚህ መቅረቷን ስትነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ታፓሊ! የገበያ ቀናችንን የሰረቀ ወረዳ! ነገ እናንተም ልታመለክቱ ነዋ?"

"አዎን፣ አባቴ። ግን አብረን ብናመለክትስ?"

"ከጅብ ጋር ፍየል ልጠብቅ?"

"እሺ፣ እስካሁን ስንት ጊዜ አመለከታችሁ?"

"ስድስት።"

"እኛ ሰባት። ታዲያ መንገዱ የታለ?"

እንጨት አንሥታ አሸዋው ላይ መሥመር አሰመረች። "ይኸ ወንዙ ነው። የእናንተ መንገድ ከጋንዮሪ ተነሥቶ እዚህ ውሃው ዳር ያልቃል። የእኛ ደግሞ ከታፓሊ ተነሥቶ ከዚህ ስምንት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ማዶ ዳር ያልቃል። ድልድዩን ማን ጠየቀ?"

ናአ ወደ እኔ ዞሩ። "ጸሐፊ! ድልድይ የሚል አልጻፍክም?"

"ወንዙ ድንበር ነው፣ አያገባንም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"የእኛም ሊቀ መንበር ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት" አለች።

አፈርኩ። ስድስቱንም ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ፣ የተማርኩት ሰው ነኝ። ካርታውን አንድ ቀን እንኳ ከጎረቤት ካርታ ጋር አላስተያየሁትም።

ናአ ግን በቀላሉ አልተረቱም። "መንገዱ ከተገናኘ ነጋዴው ሁሉ ወደ እናንተ ይጎርፋል። የእኛ ገበያ ይሞታል።"

አዪንፖካ ወንዙ ዳር የቆመውን የጭነት መኪና አሳየቻቸው። ሴቶች የበሰበሰ ቲማቲም እያወረዱ ለፍየል ይጥላሉ።

"ይህ የማን ቲማቲም ነው?"

"የእኛ ሴቶች" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"ማዶ ባዶ ቅርጫት ይዘው የቆሙትስ? የእኛ ነጋዴዎች ናቸው። ታዲያ አባቴ፣ ዛሬ የማን ገበያ ዳነ?"

ሽማግሌው ድንገት ብድግ አሉ። "ወረቀት አምጣ!"

በጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። አንድ መንገድ፣ አንድ ድልድይ፣ ሁለት ማኅተም! አዪንፖካ ለሊቀ መንበሯ ደወለች። ናአ ስልኩን ነጠቋት።

"አንተ የገበያ ቀን ሌባ! ነገ ከጎኔ ካልቆምክ ወንዙን በዋና ተሻግሬ እመጣልሃለሁ!"

ከስልኩ ውስጥ የሳቅ ድምፅ ፈነዳ።

ሌሊት ውሃው ጎድሎ ተሻገርን። በማግሥቱ ሁለቱ ባላንጣዎች፣ ናአና የታፓሊው ሊቀ መንበር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ክልሉ አዳራሽ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ናአ እንዲህ አሉ፦ "አሥራ ሦስት ጊዜ በአንድ እጅ ስናጨበጭብ አልሰማችሁንም፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። ዛሬ ሁለቱም እጆች ይኸው!" ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። በአራተኛው ወር በጀቱ ተፈቀደ።

ዛሬ ድልድዩ ቆሟል። ጠዋት የተለቀመ ቲማቲም ከቀትር በፊት ታፓሊ ይደርሳል፤ የታፓሊ ጅግራና ኦቾሎኒ ወደ እኛ ይመጣል። የእኛ ገበያ ማክሰኞ፣ የእነሱ ዓርብ ሆኖ ነጋዴው በሁለቱም ይውላል። አንድ ወረዳ ለብቻው ሲጮህ ልመና የመሰለው፣ ሁለቱ ሲተባበሩ ዕቅድ ሆነ።

በቀደም የሦስተኛው ጎረቤት ወረዳ ሰብሳቢ ስለ ጋራ አስፋልት ሊያነጋግረን መጣ። አንድ ወጣት የምክር ቤት አባል "እነሱን ምን አመጣቸው?" ብሎ ሲያጉረመርም ናአ ባዮር ወንበራቸውን ፈቀቅ አድርገው ለእንግዳው ቦታ ለቀቁለት።