መልስ የማይጠብቁት ጠያቂ

ነይ እስቲ፣ የዚህን አንሶላ ጫፍ ያዢልኝ። ጎሽ። ዛሬ ደግሞ ፀሐይዋ እንዴት ደስ ትላለች! እንዲህ ያለ ቀን እናትሽ ብትኖር መስኮቱን ክፈቱልኝ ትል ነበር… ነፍሷን ይማረውና። ሳብ አድርጊው፣ እንዳይጨማደድ።

ሳሎን ውስጥ የምሰማው የሜትር ድምፅ ነው? እንግዳችን ግድግዳ እየለኩ ነው? አይ፣ ለካ እህትሽ ናቸው፣ እህት እንግዳ አትባልም። ይለኩ እንጂ! አንዳንዱ ሲያለቅስ ይወጣለታል፣ አንዳንዱ ሲለካ። ከቀብር ማግስት ጀምሮ ደላላ በስልክ ማነጋገር ቀላል ጥንካሬ መሰለሽ? እኔ እህቴን፣ እናትሽን ቀብሬ የበሩን እጀታ ማግኘት አቅቶኝ ነበር። ደካማ ነኛ።

እንግሊዝኛቸውን ግን አደንቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው አገር፣ በዚያ ቋንቋ መጽሐፍ ሳገላብጥ ኖሬ እንደ እሳቸው መጠየቅ አልተማርኩም። የእናታቸው ቋንቋ ጠፍቶባቸው አይደለም፤ ለለቅሶው ሙሉ ነበር። ግን እንግሊዝኛ ትንንሽ ቃላት አሉት፣ ኩድ፣ ዉድ፣ ሹድ የሚሉ። ከፊት ስታስቀምጫቸው ትእዛዙም እምቢታውም ጥያቄ ለብሶ ይወጣል። እናትሽ አልጋ ላይ ስትውል ምን አሉሽ? «ሁ ኤልስ ኩድ ዱ ኢት?» ካንቺ ሌላ ማን ይችላል? እውነት ነው፣ ማን ይችላል? አንቺም ቻልሽ። ሥራሽን ለቀሽ፣ እያገላበጥሽ፣ እያጠብሽ፣ በማንኪያ እያጎረስሽ ቻልሽ። እንዲህ የምታሞግስ እህት ማን አለው?

እናትሽ ብቻ ነበረች የዋህ። ጠያቂ ያጣ በሽተኛ ስንት አለ፤ እሷ ግን በስልክ ትጠየቅ ነበር። «ብችል አልመጣም ነበር ወይ?» ይሏታል፣ በዚያው በእንግሊዝኛው። እሷ ደግሞ በማታ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ ትንሽ ታስብና ትመልሳለች… «የስ! ትመጪ ነበር!» ከዚያ ወዳንቺ ዞራ «ንጹሕ አንሶላ አንጥፊ፣ እህትሽ ልትመጣ ነው።» ይኸው አንሶላው። ስንቴ ታጥቦ ስንቴ ታጠፈ፣ ማንም ሳይተኛበት? አየሽ፣ አላረጀም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ሰዎች ስልክ ሳይፈጠር ያለፉ መሆን አለባቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉትንም አልወድም… ልቅሶ መቼም ቢደርስ ልቅሶ ነው። ደግሞስ እንዴት አለቀሱ! ጎረቤቱ ሁሉ አንቺን ትቶ እሳቸውን ሲያጽናና አላየሽም? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዷን እጅ አድርጎ፣ አንዷን አፍ አድርጎ ያወጣል።

ትናንት እራት ላይ የጠየቁሽን ሰማሁ። «ሹድንት ዊ ጀስት ሴል?» ቤቱን ብንሸጠው አይሻልም? አንቺ ሳህንሽን አየሽ። ከዚህ ወጥተሽ የት እንደምትገቢ ግን አልጠየቁሽም… ምን ያድርጉ፣ ጥያቄ አልቆባቸው ይሆናል። እኔ ምክር አልሰጥም፣ ማን ነኝና? ብቻ እናትሽ የዋህ ነበረች አልኩ እንጂ ሞኝ ነበረች አላልኩም። ሰው ከጠየቀ ይመለስለታል። «አይሻልም» ማለት በየትኛው ቋንቋ ይከብዳል? ቤቱ የሁለታችሁ፣ ያላንቺ ፊርማ ማን ሊሸጠው? መልስ ያልጠበቀ ሰው መልስ ሲመጣበት ፊቱን ማየት ደግሞ…

ውይ! በሩ ላይ ቆመሽ ነው እንዴ? ነይ፣ ግቢ እንጂ የኔ ቆንጆ! ስለ አንዲት ደግ ሰው እያወራን ነበር፣ አታውቂያትም። ደከመሽ አይደል፣ ስትለኪ ዋልሽ። ነይ ግንባርሽን ልሳምሽ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ የእናትሽን ዕድሜ ይስጥሽ። እርጅናው መጥቶ አልጋ ላይ ስትውዪም ልጆችሽ፣ አንቺ ለእናትሽ የሆንሽላትን አንድም ሳያጎድሉ ይሁኑልሽ… አሜን በዪ እንጂ!