ስልክ ላይ ሴቶቹ ከካህናቱ በላይ

ከደብረ ማርቆስ በተሳፈርሁበት ሚኒባስ፣ የደብሩን ድረ ገጽ የሚሠራ ተማሪ ፊቴ ለተቀመጡት ቄስ ገጹ ላይ ያለውን የካህናቱንና የሴቶቹን ፎቶ በስልኩ ያሳያቸዋል።

«ምነው ልጄ፣ ሴቶቹ ካህናቱ ራስ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ኮምፒውተር ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው አባ፤ ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ። ስልክ ላይ ሲጠብባቸው ይደራረባሉ።»

«ታዲያ ካህናቱን ወደ ላይ አውጣቸዋ!»

«ሞከርሁ። ከገጹ ወጥተው ጠፉ።»

«ካህናቱ?»

«መቋሚያቸው ብቻ ቀረ።»

«ወይ ጉድ! ሰበካ ጉባኤው ዛሬ ይኼን ቢያይ አንተንም እኔንም ያባርረናል።»

«እስቲ ስልኩን አጋድመው ይያዙት። አዩ? ጎን ለጎን ቆሙ።»

«ተመስገን! በል፣ ‹ስልኩን ሳያጋድም ያየ የተወገዘ ይሁን› ብለህ ጻፍበት!»

ጎማው ላይ ያለው የእኔ የሴቷ ወንበር ከቄሱ ወንበር ከፍ ማለቱን አየሁና፣ ቀስ ብዬ ዝቅ አልሁ።