ከእህት የተደበቀ ውጤት

የሂሳብ አስተማሪዋ የቀዶ ሕክምና ቁስሏን ታጥብላት የነበረችውን ነርስ ድንገት ያገኘቻት ሳሙና ልትገዛ በገባችበት ሱቅ ነው። ሰላምታው ሳያበቃ ነርሷ መድኃኒቱ ተስማምቷት እንደሆነ ጠየቀቻት። የትኛው መድኃኒት? ነርሷ ደነገጠች። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ለወንድሟ ነግሮት እንደነበረ ተናግራ አቀረቀረች።

አስተማሪዋ ሳሙናውን ትታ ወደ አናጢው ወንድሟ ገሰገሰች። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። ከመላጊያው ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ እንደተነቃበት ገባው።

“ጋሼ፣ ሐኪሙ ምን አለዎት?”

የጡቷ ዕጢ ተጠራርጎ ወጥቷል ብሎ ሊሸፋፍን ሞከረ፤ አላለፈችውም። በመጨረሻ አመነ። ከብብቷ ወጥተው ከተመረመሩት ንፍፊቶች በሦስቱ ካንሰሩ ተገኝቷል። ትንሽ እስክታገግም እንዳይነግራት ሐኪሙን የለመነው ራሱ ነው።

“እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ነው። ሰው ተስፋ ከቆረጠ አለቀለት።”

“የተቀደደው የማን ብብት ነው?” አለች በቁጣ። “ስለ እኔ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል።”

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብብቷ ለምን እንደሚነካ ጠይቃ ተረድታ ስለነበር አስረዳችው። ካንሰር ከጡት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። ንፍፊቶቹ ንጹሕ ከሆኑ በሕይወት የመቆየት ዕድል ሰፊ ነው፤ የተነኩት በበዙ ቁጥር ዕድሉ ይጠባል።

“እኔስ የፈራሁት እሱኑ አይደል?” አለ አናጢው።

“ጠበበ ማለት ተዘጋ ማለት ነው? ዕድሉ የሚነገረው ብዙ ሰው ታይቶ ነው፤ የእኔን ማንም ቆርጦ ሊናገር አይችልም። ንፍፊት የሚመረመረው የሞቴን ቀን ለመንገር ሳይሆን የሚበጀኝን ሕክምና ለመምረጥ ነው። ሕክምናው ደግሞ ጊዜ አለው። ጊዜዬን በሉብኝ፣ ጋሼ።”

መላጊያውን አስቀመጠ። ውጤቱን የደበቃት ለእሷ አዝኖ ይመስለው ነበር፤ እውነቱ ግን ሲነግራት ፊቷን ማየት ስለፈራ ነው።

“በድዬሻለሁ” አለ። ምሬዎታለሁ አላለችውም። ልብሱን ቀይሮ ወደ ሐኪሙ እንዲከተላት ብቻ ነገረችው።

ሐኪሙንም አልማረችውም፤ ከእንግዲህ ስለ እሷ የሚባለው ሁሉ ለእሷ እንዲነገር አስጠነቀቀችው። ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቃት፤ መዘግየቱ እንደማይደገፍ፣ ቢሆንም ገና እንዳልመሸ ነገራት። መድኃኒቱን ጀመረች፤ አስመለሳት፣ ፀጉሯም ረገፈ፤ የጨረር ሕክምናውንም ጨርሳ ወደ ማስተማሪያ ክፍሏ ተመለሰች። ፀጉሯ አድጎም ከወንድሟ ጋር እንደ ድሮው መሳቅ ገና አልጀመረችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጎረቤት የእናቱን የምርመራ ውጤት ከራሷ እንዴት እንደሚደብቅ አናጢውን ሊያማክር መጣ። አናጢው ተቆጣ።

“ሂድና ንገራት። ገላው የሷ ነው። ካወቀች ትጠይቃለች፣ በጊዜ ትታከማለች፣ የሚሆናትንም ራሷ ትመርጣለች። እኔ የእህቴን ጊዜ ሰርቄአለሁ። አንተ የእናትህን አትስረቅ።”