ጎመን የሚኮተኩተው ሸማኔ

ኮልፌ ውስጥ፣ አስተማሪ ሳይኖረው ፊደል የቆጠረና ጋዜጣ ለጎረቤት የሚተነትን ማን ነው ብትሉ እኔን ያሳዩአችኋል። በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ከጦር ኃይሎች በውይይት ታክሲ ስመለስ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛና አንዲት ባልቴት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«ፋብሪካችሁ ተዘጋ አሉ፣ ልጄ?»

«አልተዘጋም፣ እማማ። ጥጥ ጠፍቶ ማሽኑ ቆመ እንጂ መንግሥት ማንንም አላባረረም።»

«ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?»

«ጠዋት ስብሰባ፤ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ጎመን እንኮተኩታለን።»

«ደመወዝ ካለ ምን ጎደለህ?»

«እሱስ አልጎደለም። ትናንት ግን ትንሽ ክር መጣና፣ ሲበጠስ መቋጠር አቃተኝ። እጄ ረስቶታል።»

«ጎመኑስ?»

«ጎመኑማ ሰምሮልናል፤ በምርት ውድድር ባንዲራ ተሸልመንበታል።»

ንባብን፣ ግንበኝነትንና የሰዓት ጥገናን ያለ መምህር የለቀምኩት እኔ፣ የትኛውን ረስተውት ይሆን እያልኩ እስክወርድ ድረስ ጣቶቼን ስመለከት ቆየሁ።