የጾምና የፍስክ በርሜል

እዚህ ደባርቅ ካለ አንድ ምግብ ቤት ልጣጭና ትርፍራፊ በአህያ እየወሰድኩ ለድንች ማሳዬ ኮምፖስት አዘጋጃለሁ። መጀመሪያ ሁለት በርሜል አስቀምጬ ወጥ ሠሪዋን «ለይተሽ ጨምሪልኝ» ብያት ነበር። ሰኞ ዕለት አንዱን በርሜል ጓሮዬ ስዘረግፍ ላሜ ጠጋ ብላ ፌስታል ማኘክ ጀመረች። ታግዬ ከአፏ አወጣሁት። ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። ፌስታሉን እንደያዝኩ ወደ ምግብ ቤቱ ተመለስኩ።

«ልጄ፣ ለይተሽ ጨምሪ ብዬሽ አልነበር?»

«ለይቻለሁ እኮ አባባ! ይኸኛው የጾም ነው፣ ያኛው የፍስክ። የሥጋውን ትርፍራፊ ከጾሙ ጋር ልቀላቅለው ኖሯል?»

«ፌስታሉስ?»

«ፌስታል እንደሁ አይጾም፣ አይፈስክ! ቦታ ያገኘሁበት ጨመርኩት።»

ልቆጣ ሄጄ ሳቄ መጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምኑ ከምን እንደሚለይ አልነገርኳትም። በማግስቱ ለፌስታል ብቻ የሚሆን ሦስተኛ በርሜል ወሰድኩላት። የፍስኩን በርሜል ግን ለብቻው እንዳለ ተውኩት። አጥንትና ስብ ኮምፖስት ውስጥ ከገባ ጅብ እየመጣ ጓሮውን ይቆፍረዋል። ይህንንም መናገር ረስቼ ነበር፤ እሷ ግን ሳልነግራት ለይታልኛለች።