ከፍ ያለው ኮርቻ

ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የያዙት የብስክሌት ጎማ ሱሪዬን ጭቃ በጭቃ አደረገው። ተናድጄ እግሬን ሰበሰብኩ። በወዲያ በኩላቸው ያለችው ተማሪ ግን ወሬ ጀመረች።

«አባባ፣ ብስክሌት ይነዳሉ እንዴ?»

«ጠዋት ሐይቅ ዳርን በብስክሌት ሳልዞር ውዬ አላውቅም። አሮጌ ማውንቴን ብስክሌት ናት፤ ግን አስፋልት ኮብልስቶን አትልም፣ ትሄዳለች።»

«ታዲያ ጎማውን ተሸክመው ከሚንገላቱ፣ ብስክሌቱን እየገፉ ሠሪው ጋ ቢወስዱት አይሻልም ነበር?»

«ባለፈው እንደዚያ አድርጌ ነው የተሳሳትኩት። ሠሪው እግሬ መሬት እንደማይደርስ አየና አዘነልኝ፤ ሳይጠይቀኝ ኮርቻውን ዝቅ አደረገው።»

«ጥሩ አደረገ እንጂ! ቢወድቁስ?»

«ሁለቴ ወድቄያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ብስክሌቷ የልጄ ናት። ረጅም ነበር። ኮርቻውን በራሱ ቁመት ልክ አስሮ፣ ብረቱ ላይ በምስማር ምልክት አድርጓል።»

«አሁን እሱ የት ነው?»

«አርፏል፣ እናቴ። ሦስት ዓመት ሞላው።»

«ውይ! ነፍስ ይማር፣ አባባ።»

«አሜን። ግቢ ውስጥ ቆማ ስትዝግ ማየት አልቻልኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ ወጣሁባት። ሠሪው ዝቅ ያደረገውን ኮርቻም ምልክቱ ላይ መልሼ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ የተበላሸውን ብቻ ፈትቼ ይዤ እሄዳለሁ እንጂ፣ እሷን ለማንም አልሰጥም።»

ታክሲው ወደ አሞራ ገደል ሲታጠፍ ጎማው እንደገና ሱሪዬን ነካው፤ እግሬን አልሰበሰብኩም።