«አታስፈራም» ተባልኩ

ሄሎ? … ሄሎ፣ ቡቺዬ! እኔ ነኝ፣ እህትሽ! ስልኩ የጠበቃው ነው … አዎ፣ ተፈታሁ! ያ የአውራጃው ሹም «ሰላም እንዳታደፈርስ ሠርጉ እስኪያልፍ ትያዝ» ብሎ ያወጣብኝ የመያዣ ትዕዛዝ ተሻረ! … ኧረ እልልታሽን ቀንሺው፣ ጆሮዬን አደነቆርሽው።

— እደርሳለሁ እንጂ! የልጅሽን ሠርግ የስድብ ዘፈኔን ሳልዘፍንበት ልቀር?

— ዳኛው? «ለመሆኑ ይህች ሴት ማንን ልትገድል ነው?» አሉ። ፖሊሱ ተነስቶ ዘፈኔን አነበበው። አነበበ ነው የምልሽ! «የሙሽራውን አጎት ሪዝ ላጭታ የጎሽ ማሰሪያ ገመድ እንደምትገምድበት፣ ሰውየውንም ዳርባንጋ ገበያ አውጥታ እንደምትሸጠው ዝታለች።» ቡቺ ሙቺ፣ እንደዚያ ሲነበብ እኔው ራሴን ፈራሁ።

— ቆይ፣ መጣሁልሽ። «እስቲ ራስሽ አሰሚን» አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፣ የሳሪዬን ጫፍ አስተካከልኩ … የወጣው ድምፅ ግን አልነሳ ያለ ሞተር! የእስር ቤቱ ብርድ ዘግቶኝ ነዋ … አትሳቂ! ጠበቃዬ ታኩር ደንግጠው ዘፈኑን ተቀበሉኝ። በዚያ ጥቁር ካባ፣ በዚያ ራሰ በራ! ዳኛው አፋቸውን በመሀረብ ያዙ … (እያመሰገንኩዎት ነው ጌታዬ! ስልኩን አሁን እመልሳለሁ!)

— አጎትየውማ ራሱ መጥቶ መሰከረ! «ፈርተዋል?» ቢሉት፣ «የምፈራውስ ሳትሰድበን የቀረች እንደሆነ ነው። ሳይሰደብ የሚበላ የሙሽራ ወገን የት አለ? ባዳ አደረጉን ብለን ሠርገኛውን ይዘን እንመለሳለን፤ ጠቡ ያኔ ነው» አላቸው … የኔ ጌታ! ይህን ሰውማ ጨምሬ ነው የምሰድበው።

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? … ከዚያማ ፈረዱ። «ሹሙ ያለ በቂ ምክንያት የሰው ነፃነት ነክቷል። ደግሞስ እኚህን እናት አይቶ የሚፈራ ጤነኛ የለም» አሉ።

— ምኑ ነው ደስ የሚለው! የአገራችን የሚቲላ ሙሽራ ሁሉ ሲንቀጠቀጥልኝ ኖሬ፣ በማኅተም «አታስፈራም» ተባልኩ እኮ! የተያዝኩ ቀን ጎረቤት እንዲያየኝ ብዬ ቀስ እያልኩ ነበር የሄድኩት። «ካቴና የለም እንዴ?» ብላት ፖሊሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አክስቴ፣ ክንዴን ይያዙ፣ መንገዱ ያዳልጣል።»

— ሹሙማ … ድምፅሽን ቀንሺ፣ እዚሁ ከፍርድ ቤቱ ፊት ያለው ሻይ ቤት በር ላይ ቆሟል። ልጅ እኮ ነው ቡቺ! ከደቡብ ነው የመጣው፤ የእኛን ቋንቋ በቅጡ አይችል፣ ወጋችንን አያውቅ። ፊቱ ላይ ልደፋበት ስንቱን አዘጋጅቼ ነበር! አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እናቴ፣ እዚህ ከመጣሁ ማንም ቤቱ ጠርቶኝ አያውቅም። የሚሰድበኝ ዘመድ እንኳ የለኝም» አይለኝም? አንጀቴን በላው።

— ጠራሁታ! አትጩኺብኝ! ከሙሽራው ወገን ጋር ፊት አስቀምጪልኝ። ዝንጅብልም አፍልተሽ ጠብቂኝ፣ ድምፄ ይመለስ … ቆይ አንዴ። (አንተ ልጅ! ና እስቲ! የእናትህ ስም ማነው? … ምን ያስደነግጥሃል፣ ለስድቡ ዘፈን ነው!)

— ሄሎ … ቡቺ፣ በይ ልዝጋው። የእናቱን ብቻ ብጠይቀው የአክስቶቹን ስም ሁሉ እየነገረኝ ነው።